አትጫንም፤ ትበላለች

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን ከማሰለችባቸው ትምህርቶች ዋነኛው መጥበቅና መላላት ነው። ሰሌዳው ላይ «ዋና» ብዬ እጽፍና «አላልታችሁ አንብቡት» ስላቸው ወንዝ ውስጥ ይገባሉ፤ «አጥብቁት» ስላቸው ደግሞ ከሁሉ በላይ ይወጣሉ። ይስቃሉ፣ ለፈተና ያጠኑታል፣ ከፈተና በኋላ ይረሱታል። እኔም ብሆን ከሰዋስው ያለፈ ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ፊደሉ አንድ ሆኖ ድምፁ ሲለያይ፣ በመሐል በምትቀረው ጠባብ ቀዳዳ ሰው ሾልኮ ሊያመልጥ እንደሚችል፣ ያውም ማርያምን ብሎ ምሎ ሊያመልጥ እንደሚችል ያስተማረኝ አባባ ዘርጋ ነው። ይህ ታሪክ የእሱ ነው። የአንዲት አህያም ነው። ከወዲሁ «ለአህያ?» ብላችሁ ፈገግ ያላችሁ ካላችሁ አልቀየማችሁም፤ ለምጄዋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ቡኢ ነው። ወልቂጤ ተመድቤ ስመጣ በከተማው አንድም ዘመድ አልነበረኝም። ቤት ያከራየኝ አባባ ዘርጋ ነበር፤ የቸሃ ሰው፣ የበግ ነጋዴ፣ ገበያ የማይቀር፣ ለቅሶ የማይቀር። የእኔ የአፍ መፍቻ ክስታኔኛ ነው፣ የእሱ ቸሃኛ። ሁለታችንም ጉራጌ ነን ብንልም በየቋንቋችን ካወራን ግማሹ ወሬ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፍቅራችን ያደገው በአማርኛ ነው። የእሱ አማርኛ ደግሞ፣ እንደ ብዙ የቸሃ ሰዎች፣ ማጥበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ሁሉንም አላልቶ ነው የሚያወራው። «እንኳን ለገና አደረሰሽ» ሲለኝ፣ «ገና ከሆነማ መቼ ደረሰ አባባ?» እያልኩ አሾፍበት ነበር።

«አንቺ አጥብቂው ልጄ፤ እኔ ደክሞኛል» ይለኛል እየሳቀ።

አባቴ በሕይወት ስላልነበረ በሠርጌ ቀን አባት ሆኖ የመረቀኝ እሱ ነው። ባለቤቴ በመኪና አደጋ ሲሞትብኝ ልጆቼን በሁለት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ለቀስተኛ የተቀበለልኝ እሱ ነው። ኋላ ላይ ከእሱ አጥር ጎን ትንሽ ቤት ስሠራ ግንበኛውን ሲቆጣልኝ የዋለውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ሰውየው ክፉ ነበር ብላችሁ እንዳትጀምሩ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር፤ የክፉ ሰው ክፋት ምኑ ይጻፋል?

አህያዋን የገዛነው ባለቤቴ በሕይወት እያለ ነው፤ የወልቂጤን ውሃ ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ቧንቧው ሲጠፋ ጀሪካን የምታመላልሰው እሷ ነበረች። ልጆቼ «እሜቴ» ብለው ስም አወጡላት፤ ምክንያቱም ሰላም ካልተባለች አትንቀሳቀስም። ዱላ ብታነሱባት ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ትቆማለች። «እሜቴ፣ እንዴት አደርሽ?» ስትባል ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ራሷን ነቅንቃ መንገድ ትጀምራለች። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ለጎረቤት ጭምር ውሃ እያመላለሰች የቤቱን ጎዶሎ ሞልታለች። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ ብዬ ብኮራም ቤቱን ያቆምነው ሁለት ሆነን ነበር።

አረጀች። የኋላ እግሯ ማነከስ ጀመረ። የምትግጥበት ሜዳ ለግንባታ ታጠረ፣ አህያ አስፋልት ላይ እንዳይወጣ የሚል ማስታወቂያም በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ጎረቤቶቼ «ቲቸር፣ ከከተማ አውጥተሽ ልቀቂያታ» አሉኝ። ልቀቂያት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር የማያውቅ የለም፤ ጅብ ይጨርሳታል ማለት ነው። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ ማንም አያወራውም። እኔ ግን እያመነታሁ ቀናት አለፉ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ዘርጋ አጥሬ ሥር ቆሞ እሜቴን እያያት ነበር።

«ለእኔ ስጪኝ» አለኝ።

«ምን ታደርጋታለህ አባባ? ሥራ እንኳን አትችልም።»

«እምድብር፣ የሚስቴ ወንድም ወልዴ ጋ እወስዳታለሁ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሣሩ ሞልቷል።»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ግን ደግሞ አህያ በሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ነገ «ትንሽ እንጨት ብቻ» ይሉና ከነገ ወዲያ ጀርባዋን ያቆስሉታል። ስለዚህ ደፈር ብዬ፣ «አባባ፣ እንደማትጫን ማልልኝ» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀኝ እጁን አነሳ።

«ማርያምን! ከዛሬ ጀምሮ አትጫንም። ትበላለች።»

እጁን ስሜ አስረከብኩት። ሲወስዳት ልጆቼ አለቀሱ፤ እኔ «እሜቴ ጡረታ ወጣች፣ ምን ያስለቅሳል?» ብዬ አሳቅኋቸው።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። በየመሐሉ «እሜቴ እንዴት ናት?» እለዋለሁ፤ «ምን ትሆናለች» ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ፉርሽካ በከረጢት ቋጥሬ፣ ሳልነግረው፣ የእምድብር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ለምን አልነገርሽውም ብትሉኝ፣ ከጥርጣሬ አልነበረም። ይልቅ ስመለስ «አየኋት፣ ወፍራለች» ብዬ ላስደስተው ፈልጌ ነበር።

የአቶ ወልዴን ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሰውየው እንሰቱን ሲኮተኩት አገኘሁት። ግቢው እውነትም ሰፊ ነው፣ ሣሩም እንደተባለው ሞልቷል። ከሣሩ ላይ ግን አንዲት ላምና ጥጃዋ ብቻ ነበሩ።

«የአባባ ዘርጋ ጎረቤት ነኝ፤ አህያዋን ልጠይቅ መጥቼ ነው» አልኩት።

«የምን አህያ?»

«አባባ ዘርጋ ያመጣት፤ ያቺ የምታነክሰው።»

መኮትኮቻውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈው። ወደ ቤት ተጣርቶ ሚስቱን በቸሃኛ ጠየቃት። እሷም ከበሩ ብቅ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ጋ አህያ አልመጣም እህቴ። ዘርጋ ራሱ ከበዓል ወዲህ አልመጣም።» ፊቴን አይቶ ይሁን አላውቅም፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምናልባት ወደ ቡታጅራ ወስዷት ይሆናል። እዚያ አህያ የሚሰበስቡ አሉ አይደል? ዘርጋ ሰሞኑን ለእነሱ ነው የሚሠራው። አታውቂም እንዴ?»

«ለምን ይሰበስባሉ?»

«ለቄራ ነዋ። ሥጋው ወደ ውጭ ይሄዳል አሉ። እኛስ ምን ቸገረን፣ የሚበሉት እነሱ።»

ከረጢቱ ከእጄ ወደቀ። አቶ ወልዴ አንስቶ ሰጠኝና «ውሃ ላምጣልሽ?» አለኝ። ከግቢው ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩና ደወልኩ።

«አባባ፣ እሜቴ የት ናት?»

«አለች ልጄ። ምነው?»

«የት ነው ያለችው?»

ከበስተጀርባው የገበያ ጫጫታ ይሰማኛል። ከዚያ ያንኑ ቃል ደገመው። «አትጨነቂ። ትበላለች ብዬሽ የለ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቃሉ ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው፣ እንደ ወትሮው የላላ። ይህን ጊዜ ግን እኔ አጥብቄ ሰማሁት። ያን ቀን እጁን አንስቶ ሲምል እኔ ሣር ስትበላ ታየኝ፤ ለእሱ የታየችው ግን ሰው ሲበላት ነው። ሁለታችንም የሰማነው አንድ ቃል ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ፣ በሕይወቴ ከጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ሞኝ የሚመስለውን ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ጠብቆ ነው ላልቶ?»

«ምኑ?»

«ትበላለች ያልከው።»

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። «አንቺ እወቂው።» ስልኩ ተዘጋ።

ያኔ አልቅሼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ይልቅ ጅል ተስፋ ያዘኝ። ነውር እንደሆነ አሁን ገብቶታል፣ አንድ ነገር ያደርጋል፣ ደውሎ ያስቀራታል እያልኩ ተሳፈርኩ። ተራራውን አልፈን ወደ ቡታጅራ ስንወርድ ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ከረጢቱን እያየች «በግ አለሽ?» አለችኝ። «አህያ» ስላት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን ስታይ መሳቋን ተወችና መስኮቱን ከፈተችልኝ።

ቡታጅራ ጠይቄ ጠይቄ ደረስኩ። ከከተማው መውጫ ላይ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። አንድ ኢሱዙ የኋላ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ በጣውላ መወጣጫ አህዮችን እያዳፉ ወደ ላይ ይሰዳሉ። በሩ ላይ በትር የያዘ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ጎልማሳ አገኘሁ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩት።

«ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ማንን ፈልገሽ ነው?»

ነገርኩት። ሚፍታ ይባላል፤ የግቢው ጠባቂ ነው። እንደሌሎቹ አልሳቀም። «መኪናው ከሳምንታት በኋላ ዛሬ ነው የመጣው፤ ግቢና እያት፤ ካለች» ብሎ በሩን ገፋልኝ።

አህያ ሲበዛ ይመሳሰላል። ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ጀርባው የቆሰለ፣ ሁሉም ጆሮውን የጣለ፤ ዳሌያቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሸከሙ እንስሳት ናቸው። የማን ውሃ፣ የማን እህል፣ የማን የቤት ቆርቆሮ እንደተሸከሙ ማን ያውቃል። እኔ ደግሞ የራሴን መለየት አቃተኝ። አፈርኩ፤ ግን ሌላ መላ ስላልነበረኝ ጮክ ብዬ ሰላምታ አቀረብኩ።

«እሜቴ! እንዴት ዋልሽ?»

ከቆርቆሮው ጥግ አንድ ራስ ተነቀነቀ። በሌሎቹ መሐል እያነከሰች፣ እየገፋች መጣች። አፍንጫዋን እጄ ላይ ስታደርግ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም።

ሚፍታ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «ወላሂ ሰው አስመሰልሻት» አለ ቀስ ብሎ።

«ልውሰዳት። ለአባቴ እንጂ ለቄራ አልሰጠሁም። ታልዬ ነው።»

«እህቴ፣ እኔ ያስረከበኝን ሰው ነው የማውቀው። ስሙ ዘርጋ ነው አይደል? እሱ ራሱ በአፉ 'ትቅር' ካለኝ አላህ ምስክሬ ነው አላሳፍራትም፤ ነጋዴውን እኔ አናግረዋለሁ። መኪናው ግን ሞልቶ ሊወጣ ነው፤ ቶሎ አድርጊ።»

ደወልኩ። አይነሳም። እንደገና ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም ይላል። ሰዎቹ አንዷን አህያ ጎትተው ሲያወጡ እሜቴ ወደ እኔ ተጠጋች። ወዲያ ሄድ፣ ወዲህ መለስ እያልኩ ግቢው ውስጥ ኔትዎርክ ፍለጋ ተንከራተትኩ። በመጨረሻ ተነሳ።

«አባባ፣ አጠገቧ ነኝ። በሕይወት አለች። አንዲት ቃል ብቻ በልልኝ። ትቅር በል። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ለማንም አልናገርም።»

ድምፁ እንደ ድሮው ለስላሳ ነበር። «እሺ ልጄ፣ እሺ። ልጅየውን አገናኚኝ።»

እሺ ሲለኝ ሁሉንም ይቅር አልኩት፤ እውነቴን ነው፣ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም። ስልኩን ለሚፍታ ሰጥቼ እንባዬን ጠረግሁ። የመመለሻውን መንገድ ማሰብ ጀመርኩ፤ እስከ ቡኢ ብወስዳት ወንድሜ ቤት ታድራለች፣ ከዚያ እግዜር ያውቃል እያልኩ።

ሚፍታ «እሺ… እሺ… ገባኝ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ስልኩን ሲመልስልኝ ዓይኔን አላየም።

«ምን አለህ?»

«እህቴ…»

«ምን አለህ ወንድሜ?»

«'ጫናት' ነው ያለኝ።»

ከበሩ ሮጬ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ፖሊሶች ቆመው ነበር። ለአንደኛው፣ ተማሪዬ ሊሆን ለሚችል ልጅ፣ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። በትህትና ሰማኝ።

«ሰጥተሽዋል ወይስ ሰርቆሽ ነው?»

«ሰጥቼዋለሁ። ግን ማልልኝ ብዬው ምሎልኛል።»

«እናቴ፣ ከሰጠሽው የእሱ ናት። ድርጅቱ ደግሞ ፈቃድ አለው። መሐላ ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኔን የሚያዘኝ ነገር የለውም።» ይህን ሲል አልተቆጣም፣ አላሾፈም። ሕጉን ነው የነገረኝ። እስከ ዛሬ ስህተት ፈልጌበት አላገኘሁም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ስመለስ መወጣጫው ላይ ነበረች። ዱላ ሲያነሱባት እንደ ልማዷ ቆመች። ቢደበድቧት አልሄድ አለች። ሚፍታ ወደ እኔ ዞረ፤ ምን ሊለኝ እንደፈለገ ገባኝ። እንዳትመታ ከፈለግሁ ሰላም ልላት ነው። አላልኳትም። ያን ያህል እንኳ ላግዛቸው አልፈለግሁም። አራት ሆነው ገፍተው አስገቧት።

ከረጢቱን ፈታሁ። በጣውላዎቹ መሐል እጄን አስገብቼ ፉርሽካውን አቀረብኩላት። በላች። ዙሪያዋን ተጨናንቀው ቆመው፣ ሰውም እንስሳም እየጮኸ፣ እሷ ረጋ ብላ ከእጄ በላች። መኪናው ሲነሳ የቀረውን መሬት ላይ ደፋሁት።

በማግስቱ ወልቂጤ ስመለስ አባባ ዘርጋ ደጄ አልመጣም። እኔም አልሄድኩም። ግን ዝም ማለት አቃተኝ፤ ምግብ አልበላ አለኝ፣ ክፍል ገብቼ የምናገረው ይጠፋኛል። ሕግ ባይኖረኝ ሽማግሌ አለኝ ብዬ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ለመንኩ። ሰብሳቢው ሐጂ ሽኩር ነበሩ፤ የድሮ ጨርቅ ነጋዴ፣ ብዙ የማይናገሩ። ጉዳዩን ስነግራቸው «መሐላ አለበት?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። «አለበት» ስላቸው «እንግዲያው እንቀመጣለን» አሉ።

እሑድ ከሰዓት በዕድሩ አዳራሽ ተቀመጥን። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ሰው ሞልቷል፤ ግማሹ ሊስቅ የመጣ ነው። የመምህርቷ የአህያ ክስ!

አባባ ዘርጋ ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ። «ሰጠችኝ፣ ተቀበልኩ» አለ። «ማልልኝ አለችኝ፣ ማልኩ። አትጫንም አልኩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጭነት ጀርባዋን አልነካትም። ትበላለች አልኩ፤ ይኸው ትበላለች። ምን ዋሸሁ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ፣ ለነጋዴው ቃል ገብቼ ነበር። የጎደለ እንደሆነ እኔ እጠየቃለሁ። ባትሄድ ደግሞ ጅብ ይበላት ነበር። በዚህ አገር የሰው ልጅ እንደ ቅጠል ሲረግፍ በየቀኑ እንሰማለን። ጦርነቱን እያየሽ፣ ስደቱን እያየሽ፣ ሽማግሌ የምትሰበስቢው ለአህያ ነው?»

ሳቁ ቆመ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከመካከላቸው ልጃቸው ከግንባር ያልተመለሰ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። በውነቱ ለአፍታ አፈርኩ፤ ተነስቼ ልወጣም ቃጣኝ።

ግን አስተማሪ ነኝ። ልምድ ሆኖብኝ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው እያነበብኩት ነበር፤ ሁሉም ሰው የተጣላው ከሁለተኛው ቃል ጋር ነው፤ የመጀመሪያውን ማን አየው?

«ሐጂ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁልኝ» አልኩ። «አህያዋ ከቡታጅራ የሄደችው በምንድን ነው?»

ሐጂ ሽኩር ወደ እሱ ዞሩ። «በምን ሄደች?»

«በመኪና።»

«መኪናው ላይ እንዴት ወጣች?»

አባባ ዘርጋ ጋቢውን እንደገና አስተካከለ።

«እኔ ልንገርዎት» አልኩ። «እኔ ቆሜ፣ በእኔ ስልክ፣ 'ጫናት' ብሎ አዘዘ። ተጫነች። አትጫንም ብሎ በማርያም ምሎልኝ ነበር። ቃል በቃል እንሂድ ካለ፣ እኔም ቃል በቃል እሄዳለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው በቸሃኛ ተነጋገሩ። ከዚያ ሐጂ ሽኩር ተናገሩ። «ዘርጋ፣ ስለ አህያዋ ብቻ ቢሆን እንለያይ ነበር። መሐላህን ግን ራስህ እንደ ገመድ ለሁለት ፈትለህ፣ በአንዱ ልጅቷን አስረህ፣ በሌላው አንተ ወጣህ። ይህን ከፈቀድን ነገ ማን በማን ቃል ያድራል?» ወጣት አህያ እንዲተካልኝና በሰው ፊት ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ፈረዱ።

አህያዋን አልቀበልም አልኩ። «ሌላ አህያ አልጠፋብኝም» ስላቸው ነገሩ ገብቷቸው አልተጫኑኝም። ይቅርታው ግን የግድ ነበር። አባባ ዘርጋ ተነስቶ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ጉልበቴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌ ሰው ጉልበቴን እንዲይዝ አልፈልግም፤ ከመሬት ሳይደርስ ትከሻውን ይዤ አነሳሁት።

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ቀጥሎ ያለውን አስቤበት አልነበረም፤ በራሱ ወጣ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት፣ አቶ ዘርጋ።»

ከፍርዱ ይልቅ የመታው ይህ ነበር። ከተዋወቅን ጀምሮ አንተ የምለው ሰው ነው። እርስዎ ሲባል ፊቱ ተለወጠ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ዕርቅ ወረደ ብለው ነው።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። «የሰው ሞት እያለ ለአህያ» የሚለውን አሁንም በየቦታው እሰማዋለሁ፤ እናንተም ሳትሉት አትቀሩም። መልሴ ረጅም አይደለም። ለሰው የሚያለቅስ ልብና ለአህያ የሚያለቅስ ልብ ሁለት አይመስለኝም። ያቺን ምስኪን ለማሳረድ የመሐላ ቃል ያጣመመ ሰው፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ነገር ለማሳረድ ሌላ ቃል ማጣመም አያቅተውም። ባለፈው አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ባለሥልጣን «ከእንግዲህ ሕዝቡ ይሰማል» ብለው ሲናገሩ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ለማጨብጨብ እጄን አንስቼ አቆምኩት። ይሰማል? ሕዝቡ ጆሮ ሊሰጥ ነው ወይስ ጆሮ ሊሰጡት? ቃሉ በአማርኛ ሁለቱንም ይችላል፤ ሰውየው የትኛውን እንዳሰቡ ግን ከቃሉ አላወቅሁም። ጎኔ የነበረው ባልደረባዬ «ምነው፣ አላማረሽም?» አለኝ።

ይህ ነገር የለወጠኝን ከጠየቃችሁኝ ይኸው ነው። ድሮ ሰው ሲናገር የሚወደኝ እንደሆነ ብቻ እሰማ ነበር። አሁን ሰው ሲናገር ቃሉን አገላብጣለሁ፤ የምወደው ሰው ሲናገር ደግሞ የበለጠ አገላብጣለሁ። ልጆቼ «እማ እወድሻለሁ» ሲሉኝ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ዝም ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። ይህን አልወደውም። ጥንቃቄ ነው ይሉኛል፤ እኔ በሽታ ነው እላለሁ።

አቶ ዘርጋ አሁንም ጎረቤቴ ነው። ከዚያ በኋላ አህያ የመሰብሰቡን ሥራ እንደተወ ሰዎች ነግረውኛል፤ እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። በጠና ታሞ የተኛ ጊዜ ሾርባ ሠርቼ ወሰድኩለት። ትራሱን አስተካከልኩ፣ መድኃኒቱን ሰጠሁት። ልወጣ ስል እጄን ያዘ።

«አንድ ጊዜ አባባ በይኝ» አለኝ። «እንደ ድሮው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

አፌን ከፈትኩ። እመኑኝ፣ ልለው ፈልጌ ነበር። የታመመ ሽማግሌ ነው፤ አንዲት ቃል ምን ያስከፍለኛል? ባላምንበትም ማለት እችል ነበር፤ እሱም ደስ ብሎት ይተኛ ነበር። ግን እንዲያ ዓይነት ቃል ከማን እንደተማርኩት አውቃለሁ።

«ይማርዎት፣ አቶ ዘርጋ» ብዬ እጄን አስለቀቅሁ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ለእሜቴ አልነበረም።